ጤና በሐዋላ አይላክም

ደመወዝ ተቀበልሽ። እጅሽ ላይ ሳያድር ወደ ሐዋላ ሮጥሽ። ለእናትሽ የመድኃኒት፣ ለታናሽሽ የትምህርት ቤት፣ ለቤቱ የቆርቆሮ። ሁሉም ደረሰ። ተመስገን!

ላንቺስ ምን ቀረ?

እስቲ ራስሽን ጠይቂ። ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ቁጭ ብለሽ፣ ሳትጣደፊ የበላሽው መቼ ነው? ከልብሽ የሳቅሽውስ?

መልሱ አስደነገጠሽ? ጥሩ! የነቃ ሰው ይደነግጣል። የነቃ ሰው ደግሞ ይለወጣል።

ብር ይላካል። ስልክ ይላካል። ልብስ ይላካል። ጤና ግን በሐዋላ አይላክም፤ ከአገር ቤትም አይመጣልሽም። ጤናሽን የምትሠሪው አንቺው ነሽ፤ ባለሽበት ቦታ፣ ባለሽ ነገር፣ በየቀኑ።

ወንድሜ፣ አንተም አንብብ፤ ነገሩ ያንተም ነው። ዛሬ ግን እህቴን ላናግራት። በተለይ ካፉሪን የምታውቀዋን እህቴን።

ካፉሪን ታውቂዋለሽ። ባሕሪ ውስጥ፣ ከካርቱም መሐል ጥቁር አባይን ተሻግረሽ የምትደርሺበት ሰፈር። ሰፋፊ ቪላዎች። ረጃጅም አጥሮች። ትልቁ የኑር መስጊድ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኦማር አልበሽር ቤተሰቦች የኖሩበት መንደር። ከእነዚያ አጥሮች ጀርባ ወለል የምታጥበው፣ ልብስ የምትተኩሰው፣ የሰው ልጅ የምታሳድገው ብዙ ጊዜ ሐበሻ ነበረች። አንቺ ነበርሽ።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። ቀዳም ሥዑር ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ካርቱም በተኩስ ተናወጠች። ካፉሪም የጦር ሜዳ ሆነ። ብዙዎች በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ሌሎች ወደ ሌላ ከተማ ሸሹ። ዛሬ አንዷ ጎንደር ናት፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ እዚያው ሱዳን።

አንድ ነገር ልብ በይ። ያን ቀን ሻንጣ ጠፋ። ያልተከፈለ ደመወዝ ቀረ። ይዘሽው የወጣሽው ገላሽንና አእምሮሽን ነው። እነሱ ተሸክመውሽ እዚህ ደረስሽ። ታዲያ ከእነሱ የሚበልጥ ምን ሀብት አለሽ?

ጠብቂያቸው!

ድስቱ በሦስት ጉልቻ ይቆማል

ጤነኛ ነኝ የምትይው ስላላመመሽ ብቻ ነው? አይበቃም።

የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ ሲውል ጤናን በሦስት ነገር ነበር የለካው፦ በአካል፣ በአእምሮና ከሰው ጋር ባለን ኑሮ። ሦስቱም ደኅና ሲሆኑ ነው ሰው ጤነኛ የሚባለው።

የእናትሽን ምድጃ አስታውሺ። አንዱን ጉልቻ ካነሣሽው ድስቱ ይደፋል። አካልሽ ጠንክሮ እንቅልፍ ካጣሽ ይደፋል። ጸሎትሽ ሳይጓደል ቀኑን ሙሉ ምግብ ካልቀመስሽ ይደፋል። በደንብ እየበላሽ የምታዋሪው ሰው ከሌለሽም ይደፋል።

ስለዚህ ሦስቱንም አብረሽ ያዢ። እንዴት? በትንሽ በትንሹ።

አካልሽን ስሚው

ከውሃ ጀምሪ። ካርቱም ላይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ወለል እያጠብሽ፣ ማብሰያው አጠገብ ቆመሽ ላብሽ ሲንጠፈጠፍ ውሃሽ እያለቀ ነው። እስኪጠማሽ አትጠብቂ! ጠዋት ፊትሽን እንደታጠብሽ አንድ ብርጭቆ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ሌላ። ሽንትሽ ጠቆር ካለ ሰውነትሽ ውሃ እየለመነሽ ነው። ስጪው።

ተቅማጥ ያዘሽ? ቀላል መፍትሔ በእጅሽ ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በጥብጪው፤ ቶሎ ቶሎ ተጎንጪው። ካልቆመልሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

በሙቀት መሐል ሰው ገላው ግሎ መቀባጠር ከጀመረስ? ይህ ቀልድ አይደለም። ጥላ ሥር አስገቢው፣ ልብሱን አላሊለት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢው፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰጂው።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። የሱዳን ሻይ ጣፋጭ ነው። በጣም ጣፋጭ! እስቲ እናስላ። በአንድ ብርጭቆ 4 ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 4 ብርጭቆ፤ 16 ማንኪያ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ12 የሻይ ማንኪያ አይለፍ ይላል፤ 6 ቢሆን ይመረጣል። ያውም ብስኩቱና ለስላሳው ተጨምሮ ነው።

በአንዴ አቁሚ አላልኩሽም። በዚህ ሳምንት ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። በሚቀጥለው ሌላ ግማሽ። ምላስሽ ይለምዳል። ከርከዴም ብትወጂ ስኳሩን አሳንሺው።

ምግብስ? ጤፍ የለም ብለሽ አትከፊ። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ ተቦክቶ በምጣድ ላይ የሚጋገር ነው፤ ለእንጀራ የቅርብ ዘመድ ነው። ፉል ደግሞ ባቄላ ነው፤ ገንቢ ምግብ። ቲማቲምና ሽንኩርት ክተፊበት፣ ሎሚ ጭመቂበት፣ ዘይቱን ቀንሺ። የጾም ወጥሽን አትናቂው! ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፤ ዓለም ዛሬ ተክል ብሉ እያለ የሚሰብከውን አያትሽ ታውቀዋለች።

ጨውን ግን ተጠንቀቂ። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል። በርበሬው ውስጥ ያለውንም ቁጠሪ።

ደግሞ ቁጭ ብለሽ ብዪ። የራስሽን ሳህን ያዢ። ከሕፃኑ የተረፈውን ቆመሽ መጉረስ ምሳ አይደለም። ሰው ነሽ፤ እንደ ሰው ብዪ!

እንቅስቃሴስ? "ቀኑን ሙሉ እየሠራሁ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?" ትያለሽ። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው፤ ይቆጠርልሻል። ነገር ግን ወለል ማጠብ ሁልጊዜ ያጎነብስሻል። ያጎነበሰ ጀርባ ቀና ማለት ይፈልጋል። በየሰዓቱ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እጆችሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ትከሻሽን አሽከርክሪ። ባልዲ ስታነሺ ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ባልዲውን ወደ ገላሽ አስጠግተሽ ተነሺ።

አሁን የምትሠሪው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ ተራመጂ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለአዋቂ ሰው የተመከረ ልክ ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን። ይበዛብሻል? 10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ አድርጊው። አዲስ አበባ ያለሽ ከሆነ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን "መንገድ ለሰው" አስታውሺ። መኪና ቆሞ ሰው ሲራመድ ከተማው ራሱ ሲተነፍስ አይተሻል። ጫማሽን አጥልቀሽ ውጪ። ክፍያ የለውም!

አእምሮሽን አሳርፊው

ሥራ ጨረስሽ። መብራት አጠፋሽ። ስልክሽን አነሣሽ።

ኢሞ። ቲክቶክ። የጦርነት ዜና። እንደገና ኢሞ። ሌሊቱ ተጋመሰ።

ነገ በምን ጉልበት ልትነሺ ነው? አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የተረፈው ሥራ ነገም አለ። እንቅልፍ ግን ካመለጠሽ አመለጠሽ። ስልክሽን ከአልጋሽ አርቀሽ አስቀምጪ። ማንቂያውን ሞልተሽ ማዶ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ዛሬውኑ!

ቡናሽንም በጊዜው ጠጪ። አመሻሹ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ገና ደምሽ ውስጥ ነው። ጀበናውን ወደ ቀን አምጪው፤ እንቅልፍሽ ይመለሳል።

ስትናደጂስ? መዳም ጮኸችብሽ። ደምሽ ፈላ። መልስ ከመስጠትሽ በፊት ተንፍሺ። እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፤ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። አምስቴ ድገሚው። ልብሽ ረገብ ይላል። ከዚያ የምትናገሪው ያንቺ ቃል ይሆናል፤ የንዴትሽ ቃል አይሆንም።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። በር ሲዘጋ ትደነግጫለሽ? ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር መግባት ያምርሻል? ያ ቀን በሕልምሽ ይመላለሳል? አብደሽ አይደለም። ደካማም አይደለሽም። ጦርነት ያየ አእምሮ ይቆስላል፤ ቁስል ደግሞ ይታከማል። ለምታምኚው ሰው ተናገሪ። ካልቀለለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በሌላም ከተማ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። እግር ቢሰበር ትታከሚ የለ? አእምሮም እንደዚያው።

ብቻሽን አትሁኚ

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ጥናት ጀመረ። ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታተለ። ሰውን ጤነኛና ደስተኛ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው? ገንዘብ? ዝና? ጎልቶ የወጣው መልስ ሌላ ነበር፦ ከሰው ጋር ያለ መልካም ግንኙነት።

ይህን የኛ ሰው ጥናት ሳያነብ ኖሮታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ስኒ ቡና እስኪጠጣ ድረስ የተጎዳ ይናገራል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ የከፋው ይስቃል። ዕድር ሐዘንሽን ይሸከማል። ማኅበር ያሰባስብሻል። እቁብ ሰውን አንድ ላይ ያቆማል።

ካርቱም ላይ ዓርብ ዓርብ ዴም ሰፈር ይሰበሰብ የነበረውን ሐበሻ አስታውሺ። እንጀራው፣ ሙዚቃው፣ ወሬው። ከአጥር ጀርባ ስድስት ቀን ታፍኖ የከረመ ልብ እዚያ ይተነፍስ ነበር። ዕረፍት ቀንሽን ለምን በእንቅልፍ ብቻ ትጨርሺዋለሽ? ቀጣሪሽ ዕረፍት ካልሰጠችሽም ጠይቂ። በትሕትና፣ ግን በግልጽ ጠይቂ። ዕረፍት ምጽዋት አይደለም።

ሩቅ ነሽ? ሰው የለሽም? በቀን አንድ ሰው ጋ ደውዪ። ገንዘብ የማይነሣበት ስልክ ይሁን። "እንዴት አደርሽ?" በዪ፤ ስትጠየቂም "ደኅና ነኝ" ብለሽ አትዝጊው። እውነቱን አውሪ።

ጸበሉም፣ መድኃኒቱም

አንዳንዱ ሰው "ሁለንተናዊ ጤና" ሲባል መድኃኒት መጣል ይመስለዋል። ስሕተት ነው!

የእንጦጦ ማርያምን ጸበል ታውቂዋለሽ። ስንቱ የኤችአይቪ ሕመምተኛ ተስፋ ሰንቆ የወጣበት ተራራ ነው። መድኃኒቱን ጥሎ የወጣም ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው አስተማሩ። እምነት ለሕክምና ጠላት አይደለም።

ስለዚህ ጸበልሽን ጠጪ፤ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ዋጪ። ዳማከሴ ለጉንፋን ጨምቂ፤ ሳልሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጊ። የደም ግፊትሽን ተለኪ። ግፊት ዝምተኛ ነው፤ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። መለካቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሂጂና ተለኪ!

ውሳኔው ያንቺ ነው

"ጊዜ የለኝም።" ውሃ ለመጠጣት? "ገንዘብ የለኝም።" ስኳር ለመቀነስ? "ሰኞ እጀምራለሁ።" የትኛው ሰኞ?

ምክንያት ስትደረድሪ ሰውነትሽ እየጠበቀሽ ነው። ልማድ የሚገነባው በጭብጨባ አይደለም፤ በመደጋገም ነው። አዲሱን ልማድ ከምታደርጊው ነገር ጋር እሰሪው። ፊት ታጠብሽ፤ ውሃ። ምሳ በላሽ፤ የ10 ደቂቃ እርምጃ። ጸሎት አደረስሽ፤ ስልክ ይቀመጥ፣ እንቅልፍ።

አንድ ቀን ቢያመልጥሽ ራስሽን አትስደቢ። ነገ ቀጥዪ። የሚያሸንፈው ያልወደቀው አይደለም፤ ቶሎ የተነሣው ነው።

አንቺ በረሃ ያቋረጥሽ ሴት ነሽ። የሰው ቋንቋ በሦስት ወር የለመድሽ። የሰው ቤት ያስተዳደርሽ። ከጥይት መሐል የወጣሽ። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው ግማሽ ማንኪያ ስኳር መቀነስ ያቅተዋል?

አያቅተውም!

ከዚህ ሁሉ ምክር ዛሬ አንዱን ብቻ ምረጪ። ነገ ጠዋት አድርጊው። ከነገ ወዲያ ድገሚው። ለአንዲት ጓደኛሽም ንገሪያትና አብራችሁ ጀምሩ።

ትችያለሽ። ጀምሪ!