ከሕመም ፈቃድ ሲመለሱ የሚጠብቅዎ ግብር፦ ለጅቡቲ መስመር ሾፌሮች

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሾፌር ፒኬ 12 አካባቢ ወረፋ ሲጠብቅ ይታመማል። ጅቡቲ ከተማ ሕክምና ጀምሮ አገር ቤት ገብቶ ይተኛል። ድኖ መሪ ሲጨብጥ ድርጅቱ የተጠራቀመውን የሕመም ክፍያ ከአዲሱ ደመወዝ ጋር ደርቦ ይከፍለዋል። ያን ጊዜ የተቆረጠው የሥራ ግብር ካሰበው በላይ ይሆንበታል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ስሌቱ ነው፤ እሱን ደግሞ በስልክዎ ካልኩሌተር ማጣራት ይችላሉ።

1. የሚገባዎትን ይለዩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ክፍያው ደመወዝ ስለሆነ ግብር አለበት። አሠሪው ለሕክምናዎ የሸፈነው ትክክለኛ ወጪ ግን ከግብር ነጻ ነው፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ተደምረው እንዳይጻፉ ይመልከቱ።

2. ወር በወር ያስሉ። የሥራ ግብር የወር ግብር ነው፤ ገቢው ሲጨምር መጣኔውም ይጨምራል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሠንጠረዥ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ብር ያለ ደመወዝ በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ይቀነስለታል፤ ከ14,000 በላይ ያለው በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነስለታል።

ደመወዝዎ 16,000 ብር ነው እንበል። የሙሉ ወሩ ግብር 3,550 ነው። በግማሽ ደመወዝ የቆዩበት ወር፣ 8,000 ብር፣ ግብሩ 1,150 ነው። የሥራ ወሩና ሁለቱ ግማሽ ወራት ለየብቻ ሲሰሉ ድምሩ 5,850 ይመጣል። ሦስቱን ደምረው እንደ አንድ ወር 32,000 ብር ካሰሉት ግን 9,150 ይሆናል። 3,300 ብር የጠፋው ክፍያው ስለተጠራቀመ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ፈቃድ ላይ ሳሉ ክፍያው በየወሩ እንዲገባልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ደመወዝ በጊዜው መከፈል ያለበት ነገር ነው፤ እስኪድኑ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ተጠራቅሞ ከመጣም እያንዳንዱ ወር ለብቻው ተሰልቶ በዝርዝር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

3. በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንደ ተራ ሕመም እንዳይመዘገብ። ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ጋላፊ መንገድ ላይ ተገልብጠው ወይም ጭነት ሲያስሩ ወድቀው ከተጎዱ የሚከፈልዎት የጉዳት ካሳ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወር ከግማሽ ያላነሰ ይከፈላል፤ የገቢ ግብርም የለበትም። አደጋው የደረሰበትን ሰዓትና ቦታ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና ያዩ ሰዎችን የያዘ ሪፖርት ወዲያው ለድርጅቱ ያስገቡ።

4. ማስረጃ። መታመምዎን በማግስቱ ለአሠሪዎ ያሳውቁ፤ አጭር የስልክ መልእክትም ቀኑን ያስመሰክራል። ጅቡቲ ውስጥ የሚሰጥ የሐኪም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይኛ ስለሚሆን ዋናውን ይዘው ያስተርጉሙ፤ የዕረፍት ቀናቱ በቁጥር መጻፋቸውንም ከክሊኒኩ ሳይወጡ ያረጋግጡ።

ደመወዙን ከጅቡቲ አሠሪ የሚቀበል ሰው በዚያው አገር ሕግና ማኅበራዊ ዋስትና፣ ማለትም በሲኤንኤስኤስ፣ ስለሚተዳደር ይህ ስሌት አይመለከተውም።

5. ስሕተት ካገኙ። አስቀድመው የሒሳብ ክፍሉን ያነጋግሩ፤ ብዙው እዚያው ይታረማል። ከግብሩ ሌላ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚቆረጥ ሁለቱን አያደባልቁ። ድርጅቱ ቀድሞ አብልጬ ከፍያለሁ ብሎ ሊቀንስ ከፈለገ ያለ ጽሑፍ ስምምነትዎ ወይም ያለ ሕጋዊ መሠረት አይችልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዝዎ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳልና በቃል ተስፋ ብቻ አይጠብቁ፤ ማመልከቻዎን አስገብተው ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ፊርማና ቀን ያስጽፉ።