ሐሳብን ስለ ማሳረፍ

ሰውነት በእህልና በውሃ እንዲጠበቅ ልብም ጠባቂ ይሻል። የዓለም የጤና ድርጅት ደንቡ በጸናበት በ1940 ዓ.ም. ጤና ማለት ከደዌ መራቅ ብቻ ሳይሆን የአካልና የአእምሮ ከሰውም ጋራ የመኖር ፍጹም ደኅንነት ነው ብሎ ወስኗል። ይህ ለከተማ ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በበደሳ ቡና የሚለቅመውንም ይመለከታል።

ተማሪዎች ሆይ፤ አስቀድመን ስለ እንቅልፍ እንናገር፤ ብዙው ጥፋት ከዚህ ይነሣልና። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቍጡ ይሆናል፤ የተማረውን ይረሳል፤ ጥቂቱ ችግር ተራራ ሆኖ ይታየዋል። ዕድሜው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጅ በየቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሊተኛ እንደሚገባው ሐኪሞች ይመክራሉ። በጨርጨር አገር ግን ፈተና ሲቀርብ በጫት ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ አይታጣም። በለጋው ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኀይሉ ስለሚደክም ነጋዴው ሳይውል ሳያድር ለገበያ ያደርሰዋል። ይህም የልብን ምት ያፈጥናል፤ የምግብን ፍላጎት ይዘጋል፤ እንቅልፍን ያባርራል፤ ለጊዜውም ደስ ያሰኛል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርት ይተካል፤ ድብርቱን ለማራቅ በማግሥቱ እንደ ገና ይቃማል። ነገሩ እንደ አራጣ ብድር ነው። ደግሞም የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ሌሊቱን ያነጋው ልጅ ድካሙ ለከንቱ ይሆንበታል። ጫት የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተክሉን ንቀሉ አልልም፤ ለልጅ ግን አይገባም።

ቡናም ቢሆን ኀይሉ እኩሌታ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል በሰውነት ይቈያልና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መተዉ ይሻላል፤ ከገለባው የሚፈላው ሆጃም እንዲሁ ነው። በእግር ስለ መሄድ ለገጠር ልጅ ምክር አያሻውም፤ መንገዱ በቅቶታል።

ዝናም ሲቀር ወይም የቡና ዋጋ ሲወድቅ የአባት ጭንቀት ወደ ልጁ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ ዛሬ በእጅ የሚሠራውን ከማይሠራው መለየት ይጠቅማል፤ ዝናምን ማምጣት አይቻልም፤ ጎተራውን አይቶ ቀሪውን እህል መስፈር ግን ይቻላል። የተጨነቀ ሰው ከደቦውና ከቡናው ማኅበር አይቅር፤ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያኑን፥ ሙስሊሙ መስጊዱን አይተው፤ ለሚያምነውም ሰው ጭንቀቱን ያውጋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኀዘኑ ከ2 ሳምንት ቢያልፍ፥ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ቢሉ፥ ሥራም ቢያስጠላ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ሞትን መመኘት ከመጣ ግን አንድ ቀን ስንኳ መዋል የለበትም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት አያቋርጥ። ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር ደዌውን ያብሳል እንጂ አያድንም። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ ደዌ የቆመ ነው፤ ከጤና ጣቢያው የሚጽፉትን ወረቀት ይዞ ወደ ላይኛው ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ጓደኛው እንዲህ ሆኖ ያየ ተማሪ ብቻውን አይተወው፤ በዚያው ቀን ለመምህሩ ወይም ለወላጆቹ ይንገር።