በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጡ

ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ቀንና ሌሊቱ ሲደመር 12 ጊዜ ማለት ነው። «ለማጽናናት ጊዜ የለንም» ሲባል ዋርድ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ነርስ ሆኜ የተማርኩት ግን ማጽናናት ለብቻው ሰዓት እንደማይፈልግ ነው። እጅ ሥራውን ሲሠራ ዓይንና አንደበት ከሕመምተኛው ጋር ከሆኑ፣ በቀን 12 ጊዜ ተጽናና ማለት ነው። ቤት ውስጥ ለምታስታምሙም ያው ነው።

ሳትናገሩ አትንኩ። ፊቱ ባለበት በኩል ቁሙና በሚወደው መጠሪያ ጥሩት፤ ሰው «ሰባት ቁጥር» ተብሎ አይጠራም። «እማማ፣ አሁን ወደ ግራዎ ላዞርዎት ነው። ሲዘጋጁ ይንገሩኝ» በሉና መልሱን ጠብቁ። መጋረጃ ከሌለ አስታማሚው ጋቢ ዘርግቶ ይከልል። የአልጋውን ጎማ ቆልፉ፤ የግሉኮሱም የሽንቱም ቱቦ እንዳይወጠር ቀድማችሁ አስተካክሉ።

ወደ ግራ ስታዞሩ በግራው በኩል ቁሙ። ግራ እጁን ከጎኑ አርቁት፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፉ፣ ቀኝ ጉልበቱን እጠፉ። ከዚያ የቀኝ ትከሻውንና የቀኝ ዳሌውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አይተኛ፤ ከጀርባው ትራስ አስገብታችሁ በትንሹ ዘንበል ይበል። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ትራስ፣ ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ አድርጉ፤ ተረከዙ ፍራሹን መንካት የለበትም። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ሁለት ሆናችሁ በአንሶላ አንሡት እንጂ አትጎትቱት፣ ቆዳው ይላጣል። የአንገት ወይም የጀርባ አጥንት የተጎዳን ሰው ግን ለብቻችሁ ፈጽሞ አታዙሩ።

በዞረ ቁጥር የመቀመጫ አጥንቱን አካባቢ፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ክርኑንና የጭንቅላቱን ኋላ እዩ። መማሪያ መጻሕፍት «መቅላት» ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፦ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። ያን ቦታ አትሹት፣ በእሱም አታስተኙት፤ ለተረኛ ነርስ ወይም ለሐኪም ተናገሩ። ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ሲደረግ አያለሁ፤ ክብደቱን አያነሣምና ትራሱ ይበልጣል።

ሕመሙን ስትጠይቁ «ደህና ነዎት?» አትበሉ። የእኛ ሰው አጥንቱ እየተሰበረም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሰላምታ መለሰ እንጂ ስለ ሕመሙ አልተናገረም። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ሌሊቱን አስተኛዎት? ከ0 እስከ 10 ቢሰጡት ስንት ነው?» በሉ። ቁጥሩ ካስቸገራቸው ግንባራቸውን እዩ፤ ስታዞሯቸው ከተቋጠረ መልሱ እሱ ነው።

አንዲት እናት ሳገላብጣቸው ዝም ብለው እንባቸው ይወርድ ነበር። ማስታገሻ ተሰጣቸው፣ እንባው አልቆመም። ጎንበስ ብዬ «ምን ላድርግልዎ?» ስላቸው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። ሻሻቸው ነበር። ሲገቡ ወልቆ ከልብሳቸው ጋር ኮመዲኖ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወንድ ጠያቂ ሁሉ በገባ ቁጥር በተገለጠ ራስ ይቀበሉት ነበር። ሻሹን ሳስርላቸው እንባው ቆመ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ቀን ሳልጠይቅ የማላልፈው አለ፦ ሻሽ፣ ማተብ፣ መቁጠሪያ፣ የሶላት ሰዓት። ሳታስፈቅዱ ማተብ አትቁረጡ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፏ፣ ስለ ጩኸት በጻፈችው ምዕራፍ፣ ሕመምተኛው ባለበት ክፍል መንሾካሾክን አጥብቃ ነቅፋለች። እኛ ጋ ቤተሰብ «እንዳይሰማ» እያለ ከአልጋው ግርጌ ሐኪሙን ያዋራል። የተኛው ሰው ግማሹን ይሰማል፤ ያልሰማውን ግማሽ ፍርሃቱ ይሞላዋል። ወይ ውጡና ተነጋገሩ፣ ወይ እሱ ባለበት ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግም ራሱን ጠይቁት።

ከመሄዳችሁ በፊት ከንፈሩን በውሃ አርጥቡ፣ ስልኩንና ውሃውን እጁ በሚደርስበት አስቀምጡ፣ ያዞራችሁበትን ጎንና ሰዓት ጻፉ። ከዚያ «ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» በሉት። ስምንት ሰዓት ላይም ተገኙ፤ ካልቻላችሁ የሚነግረው ሰው ላኩ፣ ሰዓቱን እየቆጠረ ይጠብቃችኋልና።