«ቀጣይ!» ያልኩበት ሌሊት

ዛሬ ስለኛው ስለ ረጂዎቹ ላውራ፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ የምታስታምሙም ጭምር።

ዲውቲ ላይ ነኝ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም። ካርዱን ሞልቼ «ቀጣይ!» አልኩ። ቆይቶ ነው የደነገጥኩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን በ2019 (እ.ኤ.አ) በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል። አቅም ይሟጠጣል፣ ሥራው ያስጠላል፣ «ብሠራስ ምን ለውጥ አመጣሁ?» ያስብላል። የርኅራኄ መዛል ደግሞ የሰውን ሕመም ደጋግሞ ከመሸከም ይመጣል። ስለዚህ ታካሚ ላይ መጮህ ከጀመራችሁ «አመሌ ተበላሸ» ብላችሁ አትለፉት።

እኔን አንዲት አንጋፋ ሲስተር «ዶክተርዬ፣ ና ቡና ጠጣ» ብላ ወሰደችኝ። ስለ ልጁ 10 ደቂቃ አወራን፣ ቀለለኝ። ከከባድ ኬዝ በኋላ ከባልደረባ ጋር ማውራት ይረዳል። ከአዳር ማግስት ሌላ ሥራ አትደርቡ (በዚህ ደሞዝ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ)። ደግሞ የተረኝነቱ ብዛት ካልተስተካከለ ቡና ብቻውን አያድንም፤ ለኃላፊዎች በጋራ ተናገሩ።

መከፋቱና ተስፋ መቁረጡ በየቀኑ ሆኖ 2 ሳምንት ካለፈው ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም አማክሩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ!