የተሰወረውን ሥር የሚያሳይ መሣሪያ፦ ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ እስከ ገበያ

በአንድ የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ ሦስት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የካርቶን ሳጥን ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። በሳጥኑ ውስጥ ርካሽ የኮምፒውተር ካሜራ፣ ዐሥራ ሁለት የታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን የሚሰጡ ዳዮዶችና አንድ ቁራጭ ታጥቦ የጠቆረ የፎቶግራፍ ፊልም ነበሩ። ክንዳችንን እንድናስገባ ጠየቁን፤ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይም በቆዳችን ሥር የሚያልፉት ደም መላሽ ሥሮች የወንዞች ካርታ መስለው ታዩ። እኛ ስለ ካሜራው ልንጠይቃቸው ስንዘጋጅ እነርሱ ቀድመው፣ «መምህር፣ ይህን መሣሪያ በመጪው መስከረም ወደ ገበያ ለማስገባት አስበናል፤ ዕቅዱን እንዴት እንጻፈው?» አሉን።

ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ የፊዚክስ መምህርን የሚመለከት አይመስልም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከተማሪዎቹ ጋር ስንመረምረው የዕቅዱ ዋና ዋና ገጾች በቤተ ሙከራ ውስጥ ካልተጻፉ ሌላ ቦታ ሊጻፉ እንደማይችሉ ተረዳን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበውም ለእነርሱ የሰጠነውን መልስ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

በተቅማጥ ምክንያት ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥሩ እንዲገባለት ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ፈሳሽ በመቀነሱ ምክንያት ሥሮቹ ይሟሽሻሉ፤ በሕፃንነቱም ሥሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ በላያቸውም ስብ አለ። ነርሷ ክንዱን አስራ፣ በጣቷ ዳስሳ ትወጋለች፤ ካልተሳካ በሌላው እጅ፣ ከዚያም በእግር፣ አንዳንዴም በራስ ቅል ላይ ትሞክራለች። ይህን ቆማ የተመለከተች እናት ምን እንደሚሰማት መግለጽ አያስፈልግም። በተደጋጋሚ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎችም ሥራቸው እየጠፋ ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል።

ብርሃን በቆዳ ውስጥ

ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር በሚደርሰው የሞገድ ርዝመት ክልል ሕብረ ሕዋስ ብርሃንን በመጠኑ ያሳልፋል። ከዚህ ባጠረ ሞገድ ሄሞግሎቢንና ሜላኒን፣ ከዚህ በረዘመ ደግሞ ውኃ ብርሃኑን ይመጥጡታል። በክልሉ ውስጥ ደም በዙሪያው ካለው ሥጋ የበለጠ ስለሚመጥጥ ሥሩ ጠቁሮ ይታያል። (በዓይናችን ስናየው ሰማያዊ የሚመስለው ለምንድን ነው? በሥሩ ውስጥ ያለው ደም ጥቁር ቀይ እንጂ ሰማያዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኪንለና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ነገሩ ከቆዳው ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንና ዓይናችን ቀለማትን የሚያወዳድርበት መንገድ ውጤት ነው።)

ብርሃኑ ምን ያህል ይዘልቃል? የሕብረ ሕዋሱን የመምጠጥ መጠን በሚሊሜትር 0.02፣ የተቀነሰውን የብተና መጠን በሚሊሜትር 1 እናድርገው። ሁለቱን ደምረን፣ በመምጠጥ መጠኑና በ3 አባዝተን ዳግም ዘሩን (ስኩዌር ሩቱን) ስንወስድ በሚሊሜትር 0.25 ያህል እናገኛለን። ይህም ማለት ብርሃኑ በየ4 ሚሊሜትሩ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። በ4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለ ሥር ዘንድ ደርሶ የሚመለሰው ብርሃን በግምት 14 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም በየአቅጣጫው እየተበተነ ስለሚመጣ የሥሩ ጠርዝ ደብዝዞ ይታያል። እንግዲህ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ «ማንኛውንም ሥር ያሳያል» ብሎ መጻፍ ከወዲሁ ቀረ። ተማሪዎቹ በረቂቃቸው ላይ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደላት አስፍረውት ነበር።

የትኛው የሞገድ ርዝመት ይመረጥ?

ብዙ ተማሪዎች «ኦክስጂን የሌለው ሄሞግሎቢን በ760 ናኖሜትር አካባቢ የመምጠጥ ጉብታ ስላለው የሚሻለው 760 ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። የደም መላሽ ሥር ደም ጨርሶ ኦክስጂን የሌለው አይደለምና። 70 በመቶው ሄሞግሎቢን ኦክስጂን የያዘ ነው ብለን እናስላ። የሞላር የመምጠጥ መጠን በ760 ናኖሜትር ኦክስጂን ለሌለው 1,550፣ ለያዘው 590 ገደማ ነው፤ በተመዘነ አማካይ 880 ይሆናል። በ850 ናኖሜትር 690ና 1,060 ስለሆኑ አማካዩ 950 ይደርሳል። በ940 ደግሞ 690ና 1,210 ሲሆኑ አማካዩ 1,050 ነው። ስለዚህ የደም መላሽ ሥር ጥቁረት በሦስቱም ሞገዶች ተቀራራቢ ነው! የ760 ብልጫ ደም መላሹን ከደም ቅዳው መለየቱ ላይ ነው፤ ደም ቅዳዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥልቀት ስለሚያልፉ ለክንድና ለእጅ ጀርባ ይህ ብልጫ ያን ያህል አይጠቅመንም።

አሁን ሜላኒንን እናምጣ። የሜላኒን የመምጠጥ መጠን የሞገድ ርዝመቱ ሲጨምር በፍጥነት ይቀንሳል፤ በተለመደው ግምት በሞገድ ርዝመቱ 3.3ኛ ርቢ ያህል። ይህን ይዘን ስናሰላ በ940 ናኖሜትር የሚመጥጠው በ760 ከሚመጥጠው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። የጠቆረ ቆዳ ላላቸው ታካሚዎች ስለዚህ ረጅሙ ሞገድ ይመረጣል ማለት ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ በ940 አካባቢ ውኃ መምጠጥ ይጀምራል፤ የሲሊከን ካሜራም ትብነቱ ይቀንሳል። (የሲሊከን የኃይል ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን የ940 ናኖሜትር ፎቶን ኃይል 1.32 ነው፤ ገና ይታያል፣ ግን በጭንቅ።) ትክክለኛው ምርጫ በስሌት ብቻ አይገኝም፤ መሣሪያው በሚሸጥበት አገር ሰዎች ክንድ ላይ መለካት አለበት።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጂን የሚለካው መሣሪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ በዚሁ ፊዚክስ የሚሠራ ሲሆን ለአሥርት ዓመታት በመላው ዓለም ሲሸጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን መሣሪያው የኦክስጂን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይበልጥ የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ሰዎች ላይ ሙከራ እንዲደረግ የሚያሳስብ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው። ሦስቱ ተማሪዎቻችን ሳጥናቸውን የሞከሩት በዐሥራ ሁለት የክፍል ጓደኞቻቸው ላይ ነበር። ከእነዚህም ሥሩ በዓይን የማይታይ አንድም አልነበረም!

ከእኛ በፊት የሄዱት

መንገዱ ያልተረገጠ አይደለም። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ኸርበርት ዜማን የሥሩን ምስል በካሜራ አንሥቶ መልሶ በቆዳው ላይ የሚያበራ መሣሪያ ሠሩ። ሉሚነቲክስ የተባለ ኩባንያ በ2000ዎቹ አጋማሽ «ቬይንቪወር» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ኋላም ሥራው በሲኒማ ፕሮጀክተሮቹ ወደሚታወቀው ወደ ክሪስቲ ኩባንያ ተላለፈ። የፕሮጀክተር ሠሪ ለሕክምና መሣሪያ ምን አገባው? ያልን እንደሆነ መልሱ በኦፕቲክስ ውስጥ ነው። ካሜራውና ፕሮጀክተሩ በ10 ዲግሪ ቢለያዩና ክንዱ ከታሰበው ቦታ በ5 ሚሊሜትር ከፍ ቢል፣ የሚበራው ምስል ከእውነተኛው ሥር በ0.9 ሚሊሜትር ይስታል። በሕፃን እጅ ላይ ይህ የሥሩን ስፋት ያህል ሊሆን ይችላል፤ ነርሷ በሥዕሉ ላይ ትወጋለች፣ ሥሩ ግን በጎኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ የብርሃን ዘንግ ላይ መቀመጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ የገባው የአኩቬይን የእጅ መሣሪያ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈታው፤ በሌዘር ጨረር ቆዳውን ነጥብ በነጥብ እየጠረገ፣ በለካበት ነጥብ ላይ እዚያው ቀይ ብርሃን ያበራል።

የተማሪዎቻችን ሳጥን ምስሉን የሚያሳየው በኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ነገር ግን ነርሷ ዓይኗን ከክንዱ ላይ አንሥታ እየወጋች ነው ማለት ነው። አንድ ልምድ ያላት ነርስ ሳጥኑን አይታ በመጀመሪያ የተናገረችውም ይህንኑ ነበር።

ማየትና መውጋት

የንግድ ዕቅዱ ልብ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአናስቴዢያ መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ1,900 በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ ሦስት ዓይነት መሣሪያዎችን መርምሮ ነበር። በሁለቱ መሣሪያዎች ከመቶ ሕፃናት በ94 እና በ95 ያህሉ ላይ ሥሩ ታየ። በመጀመሪያው ውጋት የመሳካት መጠን ግን አልጨመረም። ሥሩ ይታያል፤ ጥልቀቱ፣ ውፍረቱና መርፌው ሲነካው ሸርተት ማለቱ ግን አይታይም። ይህ መሣሪያዎቹ አይረቡም ማለት አይደለም፤ ጥቅማቸው ሊፈለግ የሚገባው ሥራቸው በዓይንም በጣትም በማይገኝ ታካሚዎች ዘንድ ነው። ደንበኛችን ሆስፒታሉ ሁሉ ሳይሆን የተወሰነ ክፍል መሆኑን ይህ ያመለክተናል። ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ገበያቸው አድርገው የመረጡት የደም ባንክን ነበር፤ የደም ለጋሾች ሥር ግን በአብዛኛው በጣት ስለሚገኝ መሣሪያውን እዚያ መውሰድ ፀሐይ በወጣበት መብራት እንደ ማብራት ነው። የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ይሻላል።

እዚያስ ጥቅሙን ለማሳየት ስንት ሕፃናት ያስፈልጋሉ? በመጀመሪያው ውጋት የሚሳካላቸው ከመቶ 70 ናቸው ብለን፣ መሣሪያው 80 ያደርሳቸዋል ብለን ተስፋ እናድርግ። በተለመደው የስታቲስቲክስ ስሌት (95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 80 በመቶ የማወቅ አቅም) በእያንዳንዱ ጎራ 290 ያህል፣ በጠቅላላው 580 ሕፃናት ይጠይቃል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የወላጆች ስምምነት፣ የነርሶች ሥልጠና፣ መዝጋቢ ሠራተኛ፤ ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ነው። በተማሪዎቹ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ግን ለማስታወቂያ የተመደበው ለሙከራ ከተመደበው ሰባት እጥፍ ነበር።

ፈቃድ፣ መብትና ዋጋ

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። በአገራችን የሕክምና መሣሪያ ያለ ኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ አይሸጥም። ለምዝገባ የሚያበቁት ሰነዶች ደግሞ ከመሣሪያው ጋር አብረው ካላደጉ በኋላ አይሰበሰቡም። ከደኅንነት ጥያቄዎች ሁሉ አንዱን ብቻ እንጥቀስ፦ የታሕተ ቀይ ብርሃን ስለማይታይ ዓይን አይጨፍንለትም፣ ብሌንም አይጠብለትም። ጎልማሳ «አትይ» ቢባል ይሰማል፤ ሕፃን ግን ብርሃን ሰጪውን ትኩር ብሎ ሊያይ ይችላል። የዳዮዶቹ ኃይል ከዓለም አቀፉ የብርሃን ደኅንነት ደረጃ በታች መሆኑ መለካት ይኖርበታል።

የፈጠራ ባለቤትነት መብትን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ሕግ መሠረት ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ የተገለጸ ፈጠራ አዲስነቱን ያጣል። በአሜሪካ ለፈጣሪው የዐሥራ ሁለት ወር ጊዜ ይሰጣል። ሳጥኑን በዐውደ ርዕይ ለማሳየት የቸኮሉት ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። እኛም ብንሆን በውጭ አገር በተማሪነት ዘመናችን አንድ ትንሽ ሐሳብ በጉባኤ ላይ ካቀረብን በኋላ ነው ይህን ሕግ ያወቅነው።

ዋጋን ሲያሰሉ አንድ ነገር ይረሳል። ይህ መሣሪያ የሚጣል ዕቃ የለውም። ካኑላው ይጣላል፣ መሣሪያው ይቀራል፤ ስለዚህ ሻጩ ከአንድ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈለዋል። ገቢው የሚቀጥለው በጥገናና በመለዋወጫ ነው፤ ጥገና ደግሞ የሚያተርፈው ጠጋኙ ቅርብ ሲሆን ነው። ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ ባትሪው ሲሞት መጋዘን ሲገባ፣ እዚሁ የሚሠራው በማግሥቱ የሚጠገን ከሆነ ተማሪዎቹ ከማንም የተሻለ ብልጫ አላቸው። እግረ መንገዳችንን፦ የሳጥኑ መስኮት ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። አክሪሊክ በአልኮል በተደጋጋሚ ሲጸዳ ይሰነጣጠቃል፤ በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር በአልኮል ይጸዳል። በመስታወት ተቀየረ።

ተማሪዎቹ የመስከረሙን ቀን ሰርዘውታል። በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሁን የሚነበበው፦ «መሣሪያው በ850 እና በ940 ናኖሜትር፣ ሥራቸው በዓይን በማይታይ ስልሳ ፈቃደኞች ላይ ይለካል፤ ውጤቱም በቆዳቸው ቀለም ተለይቶ ይመዘገባል» የሚል ነው። የ940ዎቹ ዳዮዶች ባለፈው ወር ስለደረሱ ሳጥኑ እንደገና ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ነው።