ከኮምፒዩተሩ በስተጀርባ ያለው ሰው የየት አገር ዜጋ ነው?

አንዲት የደብረ ብርሃን ተማሪ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በኢንተርኔት ቅጽ ስትሞላ እናስብ። የልደት ቀኗን 5/4/1999 ብላ ጻፈች፤ ታኅሣሥ 5 ቀን 1999 ዓ.ም. ማለቷ ነው። ቅጹን የሚያነበው አሜሪካዊ ከሆነ ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም «ሜይ 4 ቀን 1999» ብሎ ይረዳዋል። እንግሊዛዊ ከሆነ ደግሞ «ኤፕሪል 5 ቀን 1999» ይለዋል። ተማሪዋ የተወለደችው ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 2006 ነው። በሁለቱም ንባብ ዕድሜዋ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ጨምሯል። የዋሸ ሰው የለም፤ በስሌት የተሳሳተም የለም። ስሕተቱን የፈጠረው ሁለቱም ወገኖች «ከወዲያ ያለው ሰው እንደ እኔ ነው» ብለው መገመታቸው ነው።

ችግሩን ኢንተርኔት አላመጣውም። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና ወደ አንኮበር የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የተዋዋሉበት ዓመት በእኛ 1834፣ በእንግሊዞቹ 1841 ነበር። በዚያን ዘመን ግን እንግዳው በአካል ስለሚታይ እንግድነቱ አይረሳም። በኢንተርኔት የሚታየው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ግምቱ ለምን ይጸናል?

1000 አባላት ባሉት የውይይት መድረክ 600ዎቹ የአንድ አገር ዜጎች ናቸው እንበል። ስለማያውቀው አባል «የዚያ አገር ሰው ነው» ብሎ የሚገምት ሰው ከ10 ጊዜ 6ቱን ይሳካለታል። ስለዚህ ግምቱ ትክክል ይመስለዋል። ነገር ግን 4ቱ ስሕተት በአባላቱ መካከል እኩል አይከፋፈልም፤ ሁልጊዜ የሚወድቀው በእነዚያው 400 ሰዎች ላይ ነው። ብዙኃኑ አንድም ጊዜ ሳይሳሳትባቸው ይኖራሉ፤ የቀሩት በየዕለቱ «እኔ ከሌላ አገር ነኝ» እያሉ ለማስረዳት ይገደዳሉ።

ምልክቶቹስ ይታመናሉ?

ኮምፒዩተሮች የተጠቃሚውን አገር የሚገምቱት በአብዛኛው ከኢንተርኔት አድራሻው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን የሚጠቁመው መስመሩ የተመዘገበበትን አገር እንጂ የሰውየውን ዜግነት አይደለም። ደብረ ብርሃን የሚያስተምር የውጭ አገር መምህር በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያዊ ይሆናል፤ ዋሽንግተን የሚኖር የአንኮበር ተወላጅ ደግሞ አሜሪካዊ ይባላል። ፊደልም ቢሆን ቁርጥ ያለ ማስረጃ አይሆንም፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ትግርኛ የኢትዮጵያም የኤርትራም ቋንቋ ነውና። የመኖሪያ ቦታ፣ ቋንቋና ዜግነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

በቅጽ ውስጥ የተደበቀ ግምት

አንዳንዱ ግምት በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ሲገጥመን የአባታችንን ስም እንሞላለን፤ መልሱም በአባታችን ስም ተጠርቶ ይመጣልናል። ባለ 5 አኃዝ የፖስታ ቁጥር ካልተጻፈለት አላልፍም የሚል ቅጽ ተጠቃሚው ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥር ባለበት አገር እንደሚኖር አድርጎ ቆጥሯል። 12 ወራት ብቻ የሚዘረዝር ቅጽም ጳጉሜን ለተወለደ ሰው ቀኑን በራሱ አቆጣጠር የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ዋሽንግተን ላለ ዘመዳችን «ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ» ብለን ስንጽፍለት የእኛ 3 ሰዓት በእርሱ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት መሆኑን እንዘነጋለን።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን ስንጽፍ ወሩን በስሙ እንጥራ፤ ዘመኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን እንግለጥ፤ ሰዓት ስንቀጥር የማን አገር ሰዓት እንደ ሆነ እንጨምር። ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች ደግሞ ተጠቃሚውን ከመገመት ይልቅ ጠይቁት። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ የተሳሳተ ግምት ግን ያቺን ተማሪ የትምህርት ዕድሏን ሊያሳጣት ይችላል።