የፕሮክሲ ሰርቨር የክንውን መዝገብ ለብልሽት ምርመራ፦ ምን ይመዝገብ?

አኅጽሮተ ጽሑፍ፦ ይህ ጽሑፍ ረጅም መስመር ተሻግረው የሚያገለግሉ ፕሮክሲ ሰርቨሮች የክንውን መዝገብ (ሎግ) ምን ቢይዝ ለብልሽት ምርመራ እንደሚበጅ ያመለክታል።

ችግሩ፦ በአሊዩ አምባ ያለ ጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርቱን ደብረ ብርሃን በተተከለ ፕሮክሲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይልካል እንበል። መላኩ ሲከሽፍ መዝገቡ «504» ብቻ ይላል። ይህ ቁጥር ቢያንስ ሦስት ብልሽቶችን ይሸፍናል፤ ዲኤንኤስ በጊዜው አለመመለሱን፣ የቲሲፒ ግንኙነት አለመመሥረቱን፣ ግንኙነቱ ተመሥርቶ ሳለ መዳረሻው ሰርቨር መልስ ማዘግየቱን። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። ጥፋቱ አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ሆኖ ሳለ ባለሙያ የአንኮበርን ቁልቁለት ወርዶ አሊዩ አምባ ቢላክ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ የሪፖርቱም ቀን ያልፋል።

የሚመዘገበው፦ አንደኛ፣ ከጠቅላላ ቆይታ ይልቅ የየደረጃው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይያዝ፤ ስም ፍለጋ፣ ግንኙነት ምሥረታ፣ የመጀመሪያው ባይት መድረስ። ፕሮክሲው የተመሰጠረውን ግንኙነት ሳይፈታ የሚያሳልፍ ከሆነ የመጨረሻውን ማየት አይችልም፤ በምትኩ በየአቅጣጫው ያለፈውን የባይት ብዛትና ግንኙነቱን ቀድሞ የዘጋውን ወገን ይመዝግብ።

ሁለተኛ፣ የውድቀቱ ምክንያት በታወቀ ስም ይጻፍ። አርኤፍሲ 9209 (2022 እ.ኤ.አ.) ለእነዚህ ምክንያቶች የተለያዩ መጠሪያዎችን ደንግጓል፤ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ቀጣዩ ሰርቨር አብሮት የሚሻገር መለያ ቁጥር ይሰጠው።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለው ልዩነት (+03:00) አብሮ ይጻፍ። ተጠቃሚው «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ሲል በሰርቨሩ 09:00፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ነው፤ ይህ ካልተለየ መርማሪው የተሳሳተ መስመር ያነባል።

ውይይት፦ ማከማቻ ለመቆጠብ ውድቀቶችን ብቻ መመዝገብ ማነጻጸሪያ ያሳጣል። በጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ደርሶ መልሱ ብቻ 480 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ 600 ሚሊ ሰከንድ የፈጀ ግንኙነት በዚያ መስመር ጤናማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በተዘረጋ ፋይበር ላይ ግን የሕመም ምልክት ነው። ስለዚህ ከተሳኩትም ናሙና ይቀመጥ።

መዝገቡ በበለጸገ መጠን አደጋውም ይጨምራል። የድረ ገጽ አድራሻ ሙሉ በሙሉ ቢመዘገብ የታካሚ መለያ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንጻር የሚያስጠይቅ ነው። የሰርቨሩ ስም ተይዞ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለው ይቆረጥ፤ የመቆያ ጊዜም ይወሰን።

ማጠቃለያ፦ የመዝገብ ጥራት የሚለካው በብዛቱ ሳይሆን፣ ባለሙያው ከመንገድ ከመውጣቱ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ ለመለየት በማስቻሉ ነው።